የአባባ ኩሽና ቡሽ ለበሰ

ለምወድሽም ለምፈራሽም ታላቅ እህቴ፤

እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትይ ይይዝሻል? ባለቤትሽስ ደህና ናቸው? ሳላቸው ለቀቃቸው? ልጆቹስ? ትልቁ በቁመት አንቺን አልፏል አሉ፤ እስቲ አሁን ማን ማንን እንደሚቆጣ አያለሁ። ትንሿስ ያ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? እኛ ከአባባ ጀምሮ እስከ ልጄ እስከ ሚጢ ድረስ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። ናፍቆትሽ ብቻ ነው ያስቸገረን። ቁጣሽማ በስልክ እየደረሰን ነው።

ሰሞኑን ስልክሽን ሳላነሳ መክረሜ እንዳስቀየመሽ አውቃለሁ። ትክክል ነሽ፣ ተቀየሚ። ግን እኔና አንቺ በስልክ ስናወራ እንዴት እንደምንሆን ታውቂያለሽ፤ አንቺ ገና አንድ ሳትጨርሺ እኔ ሁለት እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም እንጮሃለን፣ በመጨረሻ የተነሳንበት ነገር ይጠፋል። በደብዳቤ ግን ማቋረጥ የለም። ስለዚህ እባክሽ ተቀመጪና እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። የምጽፍልሽ ስለ ወለል ነው፤ ስለ አባባም ነው።

አባባ ኩሽና ውስጥ ተንሸራተው ክንዳቸው በፋሻ የታሰረ ጊዜ፣ «ወይ ቤትህን አስተካክል፣ ወይ አባባን ላክልኝ» ብለሽኝ ነበር። በጣም ነበር የተናደድኩት። የተናደድኩት ግን እውነት ስለነበረ ነው። ያ ሴራሚክ አንድ ጠብታ ውሃ ካረፈበት እኔን እንኳን በሙሉ ዓይኔ ያንሸራትተኛል። የአባባ ዓይን ደግሞ አሁን ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። እቃ ማጠቡን ለምን አታስተዋቸውም ብለሽም ነበር። አልሞከርኩ መሰለሽ? «ጫማ መስፋቱን ዓይኔ ቀማኝ፤ ሳህኑን ደግሞ አንተ ልትቀማኝ ነው?» አሉኝ። ያን ሁሉ ዘመን ጫማ ሲሰፉ ኖረው ዛሬ በእጃቸው የቀረው ሥራ የእኛን ሳህን ማጠብ ነው። እሱንም እንደ ጫማው ነው የያዙት፤ ጥርት አድርገው አጥበው በአውራ ጣታቸው ካላረጋገጡ አያስቀምጡም። ስለዚህ ሰውየውን መለወጥ ሲያቅተኝ ወለሉን ልለውጥ ተነሳሁ።

በምነዳው አውቶቡስ ጠዋት ጠዋት የሚሳፈር አንድ አናጺ ወዳጅ አለኝ። ያን የውሃ ልክ መሣሪያውን ከጃኬት ኪሱ ስለማይለይ ሰው ሁሉ «ውሃ ልክ» እያለ ነው የሚጠራው፤ እኔም ሌላ ስሙን አላውቅም። ችግሬን ብነግረው «ቡሽ አልብሰዋ» አለኝ። የጠርሙስ ክዳኑ ቡሽ? አዎ፣ እሱው ራሱ፤ ዛፉን ልጠው፣ ፈጭተው፣ ጨፍልቀው እንደ ሴራሚክ አራት ማዕዘን አድርገው ያወጡታል። ለእግር ይሞቃል፣ አያዳልጥም፣ ቢወድቁበትም እንደ ድንጋይ አይደለም አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። ሄጄ በእጄ እስክነካው ድረስ አላመንኩም። ካርቶኖቹን ተሸክሜ ስገባ ጎረቤታችን በሩ ላይ ቆሞ፣ ይህን ሁሉ ጠርሙስ ማን ጠጥቶ ነው ሲል ጠየቀኝ። ባለቤቴ ከውስጥ ሆና፣ ባለቤቴ ነዋ፣ አይታይህም ብላ መለሰችለት። ስሜን እንደዚህ አድርጋ ነው የምታስጠብቅልኝ።

አባባ ግን ቡሽ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «ቡሽማ የእኔ ነው» አሉ። ለካ እግራቸው ለሚያማቸው ደንበኞች ከጫማው ገበር ሥር ሲያስገቡላቸው የኖሩት እሱን ነው። አንዱን አንስተው አሸተቱት፣ ጠርዙን በጥፍራቸው ፈተሹት፣ ከዚያ ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። እንዲህ ደስ ብሏቸው ካየሁ ቆይቻለሁ፣ እታለም። እኔም በልቤ፣ አሁን ለእህቴ አፏን የሚያስይዝ መልስ አገኘሁ አልኩ።

ውሃ ልክ ካርቶኖቹን ፈትተን ቡሹን እዚያው ኩሽና ውስጥ ጥቂት ቀን እንድናሳድረው አዘዘን፤ የክፍሉን አየር ካልለመደ ከተለጠፈ በኋላ ያብጣል ወይ ይሸሻል አለ። ያን ጊዜ ምድጃው ኮሪደር ወጣ፣ ማቀዝቀዣው መኝታ ቤት ገባ፣ እኛ ደግሞ አልጋ ላይ ተቀምጠን በላን። ሚጢ፣ ቡሹ ከእኛ የተሻለ ክፍል ይዟል እያለች ትስቅ ነበር። ሴራሚኩ ላይ ቀጭን የሲሚንቶ ሊሾ አፈሰስንበት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሸነው፣ ጠረግነው፣ እንደገና ጠረግነው። ውሃ ልክ ከሥር አንድ ፍሬ አሸዋ ብትቀር ነገ ከላይ ትታያለች የሚል ሰው ነው።

መቼም እኔን ታውቂኛለሽ፣ መጠበቅ አልችልም። እሱ አንድ ቀን ሲቀር ብቻዬን ጀመርኩት። ከበሩ ጥግ ተነስቼ ግድግዳውን ይዤ ለጠፍኩ፤ ሲያልቅ አጨብጭቡልኝ ልል ነበር። ለካ የዚህ ቤት ግድግዳ ቀጥ ብሎ አያውቅም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስደርስ ቡሹ ወደ መታጠቢያው ዘመመ። ውሃ ልክ ሲመጣ መሣሪያውን ከኪሱ አወጣ፣ አየኝ፣ መልሶ ከተተው። ከዚያ ያንን ሁሉ በመሮ ፈንቅለን ጣልነው። ከክፍሉ መካከል በሲባጎ ሁለት መስመር አመሳቅሎ አሰመረና ከዚያ ጀመርን። ቀኑን ሙሉ ከባለቤቴ ዓይን ስሸሽ ዋልኩ።

የማስቲሹን ነገር አባባ ነው የመሩት። ማስቲሹን ቡሹም ላይ ወለሉም ላይ ትቀቢና ትጠብቂያለሽ። እርጥብ ሳለ ከገጠምሽው ይሸሻል፣ ከደረቀ አይዝም፣ በሰዓቱ ከገጠምሽው ደግሞ ማቃናት የሚባል ነገር የለም፣ እዚያው ቀረ። አባባ መስኮቱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው በጣታቸው ጀርባ ነካ እያደረጉ ማስቲሹ ጣታቸውን መከተሉን ሲተው «አሁን» ይላሉ፤ እኛ እንገጥማለን፣ ውሃ ልክ በከባዱ ሮለር ይሄድበታል። «አሁን» ባሉ ቁጥር ድምፃቸው ወፈረ። ከሰዓት በኋላማ ይቆጡን ጀመር፤ እጃችሁ ዘገየ፣ ማስቲሽ አትቆጥቡ፣ ጠርዙን ጫኑት። ውሃ ልክ እንደ ደቀ መዝሙር እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ ሲል ዋለ። ከዚያ በግድግዳው ግርጌ ዙሪያ ዞኮሎውን መታን፣ ቫርኒሹን ቀባን፣ እስኪደርቅ ማንም እንዳይረግጥ በሩ ላይ ወንበር አጋደምንበት።

ሲያልቅ ብታይው። የማር ዓይነት ቀለም፣ በባዶ እግር ሲረግጡት ሞቅ ያለ። ባለቤቴ ቆማ ስታበስል ጉልበቷን ማመሙን ተወት አደረገላት። አንድ ብርጭቆ ከእጄ አምልጦ ወደቀና ነጥሮ ቆመ፤ ሚጢ ይህን አይታ ማንኪያና ጭልፋ እየጣለች ስትሞክር እናቷ አስቆመቻት። እኔ ደግሞ ልቤ አበጠ። እጄ አንዴ ገብቷል ብዬ ከመግቢያው በር እስከ ኩሽናው ያለውን ኮሪደርም አለበስኩት። ውሃ ልክ ኩሽናው ይበቃል ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ያን ሰሞን ለአንቺ ደውዬ ልፎክርብሽ ነበር። እንኳንም አልደወልኩ።

ምክንያቱም አባባ ዝም አሉ። መጀመሪያ ማስቲሹ ራሳቸውን ያመማቸው መሰለኝ። ከዚያ ድካም መሰለኝ። እቃውን ያጥባሉ፣ ግን እንደ ድሮው ቀልድ የለም፣ ማንጎራጎር የለም፤ እንደጨረሱ ግድግዳውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ነው። ባለቤቴ አንድ ቀን ሽንኩርት ፍለጋ ገብታ ከኋላቸው እጇን ዘርግታ ስታልፍ ደንግጠው ሳህን ለቀቁ። ሳህኑ አልተሰበረም። እሳቸው ግን የመታጠቢያውን ጠርዝ ይዘው ቆመው ቀሩ። እኔ ሞኙ፣ ሳህኑ ባለመሰበሩ ቡሹን አመሰገንኩ።

አንድ ከሰዓት ከሥራ ቀደም ብዬ ገባሁ። አባባ መታጠቢያው ላይ ቆመዋል፣ ውሃው ተከፍቷል። ውሃውን ዘጉና «ሰው አለ?» አሉ። መግባቴን አውቀው መሰለኝና ልመልስ ስል ፊታቸው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መስኮቱ ነው። ትንሽ ጠበቁ። ውሃውን ከፈቱ፣ አንድ ሳህን አጠቡ፣ መልሰው ዘጉ፤ «ሰው አለ?» አሉ፣ አሁን ወደ ማቀዝቀዣው ዞረው። እታለም፣ ማንም በሌለበት ጊዜ ሁሉ እንዲህ ሲጠይቁ ነበር የሚውሉት። እዚያው በቆምኩበት እንባዬ መጣ። እኔ ነኝ ብዬ አጠገባቸው ሄድኩ።

ነገሩን ያን ቀን ነው የነገሩኝ። በሴራሚኩ ላይ ሁላችንንም በእርምጃችን ነበር የሚያውቁን። እኔ ከመግቢያው ስገባ ተረከዜን ከጎተትኩ ደክሞኛል ማለት ነው፤ ባለቤቴ ስትቆጣ ጣቶቿ ቀድመው ነው የሚያርፉት፤ ሚጢ የምትደብቀው ነገር ካላት ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ግን ጫማዋ ሲጥ ይላል። ሰው በነጠላ ጫማም ቢሆን ያው ነው አሉ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ጫማ አሠራሩን ብቻ ሳይሆን አረጋገጡንም ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው። እኛ ለእግራቸው ስንጨነቅ ጆሯቸውን ረሳነው። እሳቸውም ራሳቸው «አሁን» እያሉ ሲያስለጥፉን አላሰቡትም። «ቡሽን ከእግር ሥር ነው የማውቀው፤ ድምፅ እንደሚበላ ልብ ብዬው አላውቅም» አሉኝ። የዚህ ዓይነት ስሕተት ከእኛ ቤት በቀር የት ይሠራል?

ወዲያው መሮ አንስቼ ወደ ኮሪደሩ ሄድኩ። ያንን የፎከርኩበትን ሁሉ ልፈነቅለው። የመጀመሪያው ገና ሳይነሳ አባባ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ። «ተው» አሉኝ። «ጉልበቴ ወዶታል። ደግሞ ጥፋቱ የወለሉ አይደለም። ይሄ ቤት ድሮም ዝም ያለ ቤት ነው፤ የሚያወራኝ እግራችሁ ነበር።» ቀጥለውም፣ ለእህትህ ደውልልኝ፣ እመጣለሁ በላት፣ እዚያ ቢያንስ ልጆቹ ይንጫጫሉ አሉኝ።

ስልክሽን ያላነሳሁት ለዚህ ነው። ካነሳሁ ይህን መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ከነገርኩሽ ደግሞ በማግስቱ ትኬት ትልኪያለሽ። ትንሽ ጊዜ ፈለግሁ። ይቅር በይኝ።

አባባ ያሉት እውነት ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ የተሳፋሪ ጩኸት ስሰማ ውዬ ቤት ስገባ አፌን ከጃኬቴ ጋር ነበር የምሰቅለው። ባለቤቴ በምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት የማሽኑ ድምፅ ጆሮዋን ሲያደነቁራት ይውልና ቤት ስትመጣ ጸጥታ ነው የምትፈልገው። ሚጢ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ነገር የምታወጣው ስትተኛ ብቻ ነው። አንዳችን ባንዳችን ጎን ስናልፍ እንደ ተከራይ ነበርን። ክፋት የለንም፤ ግን ወሬም የለን።

በማግስቱ ሦስታችንም ተመካከርን። ሚጢ ነጠላ ጫማዋ ላይ ቃጭል አስራ መጣች። አባባ «ፍየል አሳድጋችሁ ነው እንዴ?» አሏት፤ ለብዙ ቀናት ያልሳቁትን ሳቅ ሳቁ፣ ቃጭሉን ግን አስፈቱት። ከዚያ ሲገቡ መናገር ይሁን ተባለ። መጀመሪያ ላይ ሁላችንም «እኔ ነኝ» ብቻ እያልን እንገባ ነበር። አባባ ጥቂት ቀን ታገሡንና «እኔ ነኝ ብሎ ብቻ የሚገባ ፖሊስ ነው፤ የሆነ ነገር አውሩኛ» አሉ።

ማውራት እንዴት እንደሚያስቸግር አታውቂም፤ አንቺማ በተፈጥሮሽ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የምለው ጠፍቶኝ የአየሩን ሁኔታ ነገርኳቸው። በማግስቱ ዶሮ ይዛ ልትሳፈር ከትኬት ቆራጩ ጋር ስለተሟገተች ሴትዮ ነገርኳቸው፤ ዶሮዋ እንዴት እንደወረደች፣ ማን እንዳሳደዳት፣ እኔ ምን እንዳልኩ ጠየቁኝ። ሳላውቀው ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አሁን አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ነገር ሲከሰት ይቺን ለአባባ እያልኩ ነው የማስቀምጠው። ሚጢ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪዋን ፈርታ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ እንደማታውቅ ለአያቷ ስትነግር ኮሪደር ቆሜ ሰማሁ፤ ቡሹ እኔንም ደብቆኝ ነበር። ወዲያው ድምፄን አሰምቼ ገባሁ፣ ደንቡ ደንብ ነው። ባለቤቴ ማጠቢያ ቤቱን ትታ ልብስ ስፌት ልትማር እንደምታስብም የሰማሁት እዚያው ነው። ለአባባ ነበር የነገረችው። ትንሽ ቅር አለኝና፣ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ ወይ አለችኝ።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ ልዋሽሽ አልፈልግም። አሁንም አንዳንዴ እንረሳና አባባ ይደነግጣሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ደክሞኝ አንድ ቃል ማውጣት እንደ ድንጋይ ይከብደኛል። ባለፈው ሳምንት እኔና ባለቤቴ በማይረባ ነገር ተጣልተን እየገባን ለአባባ ተራ በተራ ስንከስ ዋልን፤ እሳቸውም ሁለታችሁም ተሳስታችኋል ብለው ሳህናቸውን ቀጠሉ። ግን «ሰው አለ?» የሚለው ቀርቷል። ማንጎራጎሩም ተመልሷል፤ ያው እንደምታውቂው ከዜማው ውጪ ነው።

እንግዲህ እታለም፣ የጠየቅሽኝ ቤቱን እንዳስተካክል ነበር። ወለሉን አስተካክዬዋለሁ፤ ቤቱን ገና እያስተካከልኩ ነው። አባባን አልልክልሽም ማለት የእኔ ድርሻ አይደለም፤ አባቴም አባትሽም ናቸው፣ የሚወስኑትም ራሳቸው ናቸው። የእኔን ልብ ከጠየቅሽኝ ግን እንዳይሄዱብኝ እፈልጋለሁ። ይህን በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር በአፌ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ያ ሳላቸው ካልለቀቃቸው ሐኪም ይዩ፣ እንደ እኔ ግትር አይሁኑ። ትልቁን ልጅሽን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ከደረስሽበት። ትንሿን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ባለቤቴ ናፍቀሽኛል፣ የላክሽው ሻርፕ አምሮብኛል ትልሻለች። ሚጢ እጅ ትነሳለች፤ አክስቴ ስልክ ስትደውል ከአባዬ በፊት እኔን ትጠይቅ ብላለች። ውሃ ልክም፣ አይተሽው ባታውቂም፣ የጋሼን ልጅ ሰላም በላት ብሎኛል።

ይህን ሁሉ ለአባባ አሁን አንብቤላቸው ጨረስኩ። እጃቸውን በፎጣ አደረቁና አሁን የእኔን ቀጥለህ ጻፍ አሉኝ፤ ያሉትን ቃል በቃል ነው የማሰፍርልሽ። «ደህና ነኝ በላት። አልመጣም፣ እዚሁ ነኝ በላት። ወንድምሽን አትቆጪው በላት። የዚህን ቤት ሰው እርምጃ ሁሉ ሳዳምጥ የኖርኩት ለእነሱ ብዬ ብቻ አልነበረም። በር በተከፈተ ቁጥር የሷን ስጠብቅ ነው። የግራ ተረከዟን በውጭ በኩል ነው የምትበላው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያንን ጫማ ስንት ጊዜ ጠግኜዋለሁ። የትም ብሰማው አልስተውም ነበር። አሁን ግን ይሄ ወለል አይነግረኝም። ስለዚህ ስትመጣ ላስደንግጣቸው ብላ በዝምታ እንዳትገባብኝ። ገና ከመግቢያው በር ጀምራ ታውራ።»

የምትወጂኝ ታናሽ ወንድምሽ

ከኩሽናችን ጠረጴዛ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን